የፍሬኑ ፈቃድ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየሱስ
እምድብር

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ትርንጎስ እንዴት ዋሉ፣ እንዴት አደሩ? እኔ፣ ሲቲና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጠመንጃ ያዥ ሰፈርም እንደተዉት ነው፤ ክረምቱ ቢወጣም የሰፈራችን ጭቃ ገና አልደረቀም። ደብዳቤዎ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የደረሰኝ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መልሱን ያዘገየሁት በንቀት አይደለም፤ የጠየቁኝን ሁሉ አጣርቼ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው።

ስለ መንጃ ፈቃድዎ እንዳሉኝ ሄጄ ጠይቄአለሁ። የዓይን ምርመራውን ያላለፈ ሰው ፈቃዱ አይታደስለትም አሉኝ። ታክሲ ማሰማራት የሚችለው ራሱ የሚነዳ ባለንብረት ብቻ ነው የሚለው መመሪያም አልተነሳም። ስለዚህ መኪናዋ እስካሁን ሦስት ዓመት እንደቆየችው በእኔ ስም ትቀጥላለች ማለት ነው። በሊብሬው ባለቤቱ እኔ፣ በመሀላችን ባለው የውል ወረቀት ደግሞ ባለቤቱ እርስዎ።

በዚሁ ነገር ላይ አዲስ ወሬ አለ። በቀበሌው ሰሌዳ በተለጠፈው ማስታወቂያ ባለታክሲ ሁሉ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሊብሬውን ይዞ እየቀረበ የመኪናው ባለቤት መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ታዟል። በፈቃድ ክፍሉ የተመደቡት አዲሱ ሰው ጓድ ዋቅሹማ ይባላሉ። እንደ በፊተኛው ዝም ብለው ማኅተም አይመቱም፣ አስቀምጠው ይጠይቃሉ ይባላል። ምን ብዬ እንደምመልስ ይንገሩኝ።

ሌላው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። ፍሬኗ ከነሐሴ ጀምሮ ለስልሷል። ዘይት ብጨምርም በሁለተኛው ቀን ታፈሳለች። መካኒኩ ዳዲ ጋራዥ አስገብቼ ፈቶ ሲያየው፣ ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ አልቋል፤ ካልተቀየረ አንድ ቀን ጭራሽ አይዝም አለኝ። በውላችን ቁጥር አራት ላይ «ሹፌሩ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ዕቃ አይቀይርም፣ መኪናዋንም ከሥራ አያቆምም» ስለሚል፣ በዚህ ደብዳቤ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። መልስዎን ቶሎ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ
በከር ሰይድ


እምድብር
ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለበከር ሰይድ

ሰላም ለአንተ፣ ለሲቲና ለልጆችህ ይሁን። ትርንጎን አጥብቀህ ስለጠየቅህልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ኩላሊት ነው ይላል። ከአልጋ ወርዳ ደጃፍ ድረስ የምትሄድበት ቀን አለ፣ ጨርሶ የማትነሳበት ቀንም አለ። መድኃኒቷ ከወልቂጤ ነው የሚመጣው። ከመኪናዋ ድርሻ በቀር ሌላ የምንተማመንበት እንደሌለን ታውቃለህ።

ስለ ምዝገባው አትጨነቅ። «የማን ናት?» ካሉህ «የእኔ ናት» በል። ወረቀት የሚለውን መናገር ውሸት አይደለም።

የውሉ ቅጂ እንዲሰጥህ በአውቶቡሱ ሹፌር በኩል በቃል ያስላክኸውንም ሰምቻለሁ። ሁለት ቅጂ ቢኖር አንዱ የማይሆን እጅ ይገባል ብዬ ነው በአንድ ብቻ ያጻፍነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ነው። በቃልህ ካወቅኸው ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል?

ዳዲን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጤነኛ መኪና ቢገባለት እንኳ ሳይፈታ አያድርም። እኔ በዚያች መኪና ስምንት ዓመት ስሠራ፣ ፍሬኗ ሲለሰልስ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ እያደረግሁ ነው የኖርኩት። እስከ ፋሲካ ዘይት እየጨመርክ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ እናየዋለን። አሁን ዕቃ እንዲቀየር አልፈቀድኩም። እንድትቆምም አልፈቅድም። ትርንጎ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች መኪናዋ አንድ ሳምንት ብትቆም ምን ላይ እንደምንወድቅ አንተ አታጣውም።

ሰፈሩን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየሱስ

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ትርንጎስ? የኅዳሩ ደብዳቤዎም ከዚያ በኋላ የላኩት የቃል መልእክትም ደርሰውኛል። ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ቤቴ ገብቻለሁ።

ምዝገባው ምን ሆነ ላሉኝ፣ ኅዳር 24 ቀን ቀርቤአለሁ። ጓድ ዋቅሹማ መኪናዋ የማን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ የእኔ ናት አልኩ። ከየት አመጣሃት አሉኝ፤ ከአቶ ገብረየሱስ ገዝቼ አልኩ። ጥቂት ጊዜ አዩኝና እንድፈርም ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ። ፈረምኩ። በእርስዎ ቃል ነው የፈረምኩት።

የኅዳሩን ድርሻ በሹፌሩ እጅ ልኬ ነበር። የታኅሣሡን ግን አይጠብቁኝ። መኪናዋ ለጊዜው ቆማለች። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሲቲ ለእትዬ ትርንጎ ማርና ጥቁር አዝሙድ ልካለች፤ ከደብዳቤው ጋር ተጠቅልሏል።

በከር


እምድብር
ጥር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለበከር ሰይድ

ማሩ ደርሶናል፤ ሲቲን አመስግንልኝ።

ለገና ከአዲስ አበባ የመጣ የአገሬ ሰው ቤቴ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ «መኪናህን የትራፊክ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ፊቷ ተጨራምታ አየኋት» አለኝ። ሰዎች ባሉበት ነው የነገረኝ። ምን ብዬ ልመልስ? አውቃለሁ ብዬ ዋሸሁ።

«ትንሽ አሞኝ ነበር» ብለህ ጻፍክልኝ። «ለጊዜው ቆማለች» አልከኝ። ከሌላ ሰው አፍ እንድሰማ አደረግኸኝ። ሦስት ዓመት እንጀራ ያበላህን ሰው እንዲህ ነው የሚያደርጉት? የውሉን ቁጥር ስድስት እንዳትረሳ እዚሁ እገለብጥልሃለሁ፦ «በመንዳት ምክንያት በሰውም ሆነ በንብረት ላይ ለሚደርሰው ማናቸውም ጉዳት ተጠያቂው ሹፌሩ ብቻ ነው።» ፊርማህ ከሥሩ አለ።

ለትርንጎ ደብዳቤዎችህን የማነብላት እኔ ነኝ። ይህን ነገር አላነበብኩላትም፤ እንዳትሰማ።

ሰው ሞቷል ወይ? ሌላውን ተወውና እሱን ብቻ በአንድ መስመር ጻፍልኝ።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየሱስ

ሰው አልሞተም።

የጠየቁኝ አንድ መስመር ይኸው ነው። ቀሪውን ግን ስለማያውቁት ልጻፍልዎ። በታኅሣሡ ደብዳቤ ሸሽጌዎታለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲቲ አትጻፍላቸው፣ እትዬ ትርንጎ ይደነግጣሉ ብላ ነበር። ለእኔም መሸሸጉ ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 3 ቀን ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን እየመጣሁ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ዘይት ጨምሬአለሁ። አንዲት ሴት የተጠቀለለ ልብስ ይዛ መንገዱን ስታቋርጥ ከሩቅ አይቻታለሁ። ሩጫም አልነበረኝም። አንዴ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። እርስዎ እንዳሉት ደጋገምኩት፤ እግሬ ከወለሉ ጋር ተጋጠመ። መኪናዋን ወደ ግንቡ ጠመዘዝኳት። ከግንቡ ጋር ከመጋጨቷ በፊት ግን በግራ ጎኗ ሴትየዋን አገኘቻት።

ስሟ ወይዘሮ ጠጅቱ ነው። የሰፈራችን ሰው ናት፤ ከቦኖ ውሃው በላይ ባለው ግቢ እቤቷ ልብስ ትሰፋለች። ያን ዕለት የወጣችው የሰፋችውን ቀሚስ ለማድረስ ነበር። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ተሳፋሪዎቹና እኔ አንስተን በሌላ ታክሲ ሆስፒታል አደረስናት። መንገድ ላይ አልጮኸችም፤ ልብሱ ደም እንዳይነካው ሰው እንዲይዝላት ብቻ ትለምን ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ። «አሞኝ ነበር» ያልኩዎት እሱን ነው።

የፖሊሱ መካኒክ መኪናዋን መርምሮ ፍሬን የላትም ብሎ ጻፈ። ዳኛው ባለቤቱ ማነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። «ባለቤቷ አንተ ከሆንክ ፍሬን የሌላትን መኪና ለምን አሰማራህ?» አሉኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

አሁን በዋስ ወጥቼ ነው ያለሁት። ክሱ ሁለት ነው፤ አንዱ እንደ ሹፌር፣ ሁለተኛው እንደ ባለንብረት። የሚከብደው ሁለተኛው ነው ይሉኛል። ሹፌር ሊሳሳት ይችላል፤ ባለንብረት ግን እያወቀ ነው የሚያሰማራው። ቀጠሮው መጋቢት 8 ቀን ነው።

ቁጥር ስድስትን ስለገለበጡልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ ቁጥር አራትን አስታውስዎታለሁ። አንዱ እንዳልጠግን ይከለክለኛል፤ ሌላው ባልጠገንኩት ያስጠይቀኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቧቸው። ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም።

በከር


እምድብር
ጥር 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለበከር

ሰላም ላንተ ይሁን። የጥር 16 ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰው ባለመሞቱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ለሴትየዋም ጸልያለሁ።

በጥቅምት ስለ ፍሬኑ ምን እንደጻፍክልኝ በደንብ አላስታውሰውም። ያን ጊዜ ትርንጎ ክፉኛ የታመመችበት ሰሞን ስለነበር ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ምናልባት በችኮላ አንድ ነገር መልሼልህ ይሆናል። የኅዳሩ ደብዳቤዬ እጅህ ላይ ካለ አቃጥለው። ይህን የምልህ ለራሴ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያ ወረቀት ከተገኘ አንተም በሐሰት በመፈረምህ ትጠየቃለህ፤ እኔም በሰው ስም ታክሲ በማሰማራቴ እጠየቃለሁ፤ መኪናዋም ከሁለታችን ትወሰዳለች። ማን ተጠቀመ?

ባለቤቱ እኔ ነኝ እንዳልክ ብትጸና የሚመጣብህ ጥቂት ወር ነው። አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ወሩ ይሮጣል። እስክትወጣ ሲቲንና ልጆቹን አልጥልም። ስትወጣ መኪናዋን አስጠግነን እንደ ቀድሞው እንቀጥላለን። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እኔ ብታሰር ትርንጎን ማን ያገላብጣታል? አስብበት።

ይህንንም ደብዳቤ አንብበህ ከጨረስክ በኋላ አታቆየው።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየሱስ

ሁለቱንም አላቃጠልኩም።

አስቤበታለሁ። ለሲቲ ደብዳቤዎን ሳነብላት ብዙ አልተናገረችም። «እሳቸው ሲሉህ ፈረምክ፣ እሳቸው ሲሉህ ነዳህ፣ አሁን ደግሞ እሳቸው ሲሉህ ትታሰራለህ?» አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ልጆቹን ልታጥብ ወጣች።

ጓድ ዋቅሹማም ባለፈው ሳምንት አስጠርተውኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመኪናዋን ፋይል ጠይቋቸው ሲያገላብጡ፣ የሽያጩ ወረቀት ላይ የተሸጠችበት ዋጋ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኙት። ወንበር ሰጡኝ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«ይህቺን መኪና አልገዛሃትም» አሉኝ።

ፋይሉን ወደ እኔ አዙረው ባዶውን ቦታ አሳዩኝ።

«ሌላ ወረቀት አለ?»

«አለ፤ እኔ ጋ ግን አይደለም» አልኩ።

«ስትፈርም አንብበኸው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ። ሥራ ፈልጌ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በመሳቢያቸው የተከመሩትን ሊብሬዎች አሳዩኝና፣ «ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ እውነተኛውን ባለቤት እንደሚናገር አላውቅም፤ መመሪያው ሹፌሩን ባለንብረት ላድርግ ብሎ ወጣ፣ ሰው ደግሞ ሹፌሩን መሸሸጊያ አደረገው» አሉኝ። እዚያው ቃሌን ልስጥ ብላቸው «ለእኔ ሳይሆን ለዳኛው ተናገር» አሉኝ። ስምዎን አልጠየቁኝም፤ ሊብሬው ላይ የቀድሞ ባለቤት ተብሎ ተጽፎ አለ።

አሁን ያሰብኩትን ልንገርዎ። መጋቢት 8 ቀን ችሎት ስቀርብ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ያልሆነውን ነው ብዬ ፈርሜአለሁ። ፍሬኗ እንደማይዝ እያወቅሁም ያን ቀን ጠዋት ሞተር ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን ይዞ አላስነሳኝም። ከዚያ በኋላ የኅዳሩን ደብዳቤዎን ለዳኛው እሰጣለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምጽፍልዎ ለማስፈራራት አይደለም። በታኅሣሥ ከሰው አፍ እንዲሰሙ አድርጌአለሁና አሁን እንዳይደገም ነው። ቀኑ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ችሎቱ የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው። መምጣትም አለመምጣትም የእርስዎ ነው።

እትዬ ትርንጎን አላህ ይማርልን።

በከር ሰይድ


እምድብር
መጋቢት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለበከር

እንደምን ሰነበትክ? ሲቲስ? ከችሎት ከወጣሁ በኋላ ሳልሰናበትህ በመሄዴ እንደተቀየምከኝ በሹፌሩ በኩል ሰምቻለሁ። ልክ ነህ። ደጁ ላይ ስትጠብቀኝ አይቼሃለሁ። በሌላው በር ወጥቼ በቀጥታ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፤ ማታ ወልቂጤ አደርኩ።

እንዴት ሊመጡ ቻሉ ላልከኝ ልመልስልህ። የየካቲቱ ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ትርንጎ ትንሽ ቀለል ብሏት ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን አየችና አንብብልኝ አለች። እንደ ለመድኩት እየዘለልኩ ላነብላት ስጀምር አወቀችብኝ። ያለፉትንም አምጣቸው አለችኝ። አመጣኋቸው፤ ከጥቅምቱ ጀምሮ ሁሉንም አነበብኩላት። የጥቅምቱን አስታውሰው እንደነበር አሁን ልንገርህ፤ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። የእኔን መልስ ደግሞ ምን ብለህ ነበር ብላ በቃሌ አስነገረችኝ። ስጨርስ፣ «ልጁ እስኪያወጣው አትጠብቅ» አለችኝ። በማግሥቱ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ሄድኩ። እኅቷን አስመጣሁላትና ተነሳሁ።

ችሎት ፊት የተናገርኩትን አንተም ሰምተኸዋል። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ፍሬኑ እንዳይቀየር የከለከልኩት እኔ ነኝ ስል ዳኛው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። ፍርዱ ቀለለ ይሉኛል። የስምንት ወሩን እስራት ስለ ዕድሜዬና ራሴ ስላመንኩ በገደብ አድርገውልኛል። መኪናዋ ተሸጣ ለሴትየዋ ካሣ እንድትውል መወሰኑን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ፤ ስምንት ዓመት የነዳኋት መኪና ናት። ያንተ መንጃ ፈቃድ ስድስት ወር መታገዱን ግን የሰማሁት በኋላ ከአውቶቡሱ ሹፌር ነው።

በከር፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ይህን ፊት ለፊት ልልህ ነበር የመጣሁት፤ ደጁ ላይ ቆመህ ሳይህ ሸሸሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔ ባልመጣ ኖሮ ደብዳቤውን ታወጣው ነበር?

ገብረየሱስ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየሱስ

ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ትርንጎ በእኅታቸው ተደግፈው ውጭ መቀመጥ መጀመራቸውን ሰምቼ ደስ አለኝ።

አዎ፣ አወጣው ነበር። ለመናገር ሲነሱ እጄ ኪሴ ውስጥ ደብዳቤውን ይዞ ነበር።

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው። ሲቲም ተቀብላለች፤ እሷ እንኳ ትንሽ ቆይታ ነው።

ሥራ ምን ያዝክ ላሉኝ፣ እግዱ እስኪያበቃ ዳዲ ጋራዥ እያገዝኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለመኪና እግድህ ሲያልቅ ንዳልኝ ብሎ ውል አምጥቶ ነበር። አነበብኩት። ቁጥሩ አምስት ይሁን እንጂ ያው የእኛ ቁጥር አራት ነው፤ ያለ ፈቃድ አትጠግን፣ ያለ ፈቃድ አታቁም ይላል። ይህን ሰርዝልኝና እፈርማለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሹፌር ሳያነብ ፈረመለት። ጓድ ዋቅሹማ ግን አሁን ሹፌርና ባለመኪና አብረው ካልቀረቡላቸው ፈቃድ አያድሱም፤ ፍሬን፣ መሪና ጎማ ሲበላሽ የማቆም ሥልጣን የሹፌሩ ነው የሚል መስመር በገዛ እጃቸው ያስጽፏቸዋል ይባላል። እስከ መቼ እንደሚያስጽፉ እንጃ። ይህን ነገር የሚጠሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ደስ የማይልዎትን ልጽፍ ነው።

ወይዘሮ ጠጅቱ ከሆስፒታል ወጥታለች። በክራንች ነው የምትሄደው። አጥንቱ ገጥሟል፤ የግራ እግሯ ግን ወደ ጎን ሆኖ ነው የገጠመው። የስፌት መኪናዋን በአንድ እግር መርገጥ አልቻለችም። በታክሲዋ ሽያጭ ሕክምናዋ ተሸፍኗል። ሌላው ግን በገንዘብ የሚሸፈን አይደለም።

ፍርዱ እርስዎን በስም ጠርቷል። ነገር ግን ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያነብ የለም። ሰው የሚያውቀው በዓይኑ ያየውን ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ፖሊስ የወሰደኝም እኔን ነው፣ አሁን ሥራ ፈትቼ የሚያዩኝም እኔን ነው። ሲቲ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወረፋ ላይ ይሸሿታል። ትልቋ ልጄን ትምህርት ቤት «የሰባሪው ልጅ» ይሏታል። ለወይዘሮ ጠጅቱ ሄጄ ሁሉንም እንደነበረ ነግሬአታለሁ። ሰምታኛለች። እሷ ማመኗ ግን ለሰፈሩ አልደረሰም፤ ገንዘብ ተሰጥቷት ነው የሚሉም አሉ።

እርስዎ ዳኛ ፊት ቆመው ተናግረዋል፤ ለእኔም ይቅርታ ጽፈውልኛል። እሷን ግን አላዩአትም። በዚያን ቀን ችሎቱ ውስጥ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣ ነበር። ሲወጡ በፊቷ ነው ያለፉት።

እኔ የይቅርታውን ግማሽ እንጂ ሙሉውን መስጠት አልችልም። ቤቷን ልንገርዎ፦ ከቦኖው ሽቅብ ሲወጡ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር ነው። ቀን ቀን ሁልጊዜ ቤቷ ናት።

በከር


እምድብር
ግንቦት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአቶ በከር ሰይድ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሲቲ ነግራህ ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔም ስማው።

ግንቦት 2 ቀን፣ የልደታ ማግሥት ነው የገባሁት። ሰፈሩ ገና የበዓል መልክ ነበረው። አንተ ጋራዥ ነበርክ። ቀድሜ አንተን ባገኝ አብረኸኝ እንድትሄድ እለምንህ ነበር፤ ስለዚህ ሳልፈልግህ በቀጥታ ሦስተኛውን በር አንኳኳሁ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ራሷ ከፈተችልኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አውቄሃለሁ አለች። ግባ አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። ደጃፍ ላይ እንደቆምኩ መንገድ ሙሉ ሳጠናው የመጣሁትን ተናገርኩ። በደልኩሽ አልኩ። ስለ ትርንጎ ሕመም፣ ስለ ዓይኔም ጀመርኩላት። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«የታመመ ሰው አለብኝ ማለትህን በከር ነግሮኛል» አለች። «አዝናለሁ። ለእኔ የምትለውን ብለሃል። እኔ እግሬን የሰበረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ክራንቿን ይዛ ወጣች። ቁልቁል ወደ ቦኖው ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ልደግፋት እጄን ብሰነዝር አልቀበል አለች።

ውሃው ከጠፋ ሰንብቶ ያን ቀን መጥቶ ኖሮ ወረፋው ረጅም ነበር። ከሃያ የሚበልጡ ሴቶች አሉ፤ ወንዶችም ግንቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ታክሲ ስነዳ በነጻ ያደረስኳቸው አሉባቸው። «ጋሽ ገብሬ መጣህ?» እያሉ ሊስሙኝ ተነሱ። ሲቲ ከወረፋው ጫፍ ለብቻዋ ባልዲዋን ይዛ ቆማ ነበር። ስታየኝ ፊቷን ወደ ሌላ መለሰች።

ወይዘሮ ጠጅቱ መሀላቸው ቆመችና «ይኸው ንገራቸው» አለችኝ።

በከር፣ ችሎት ፊት መናገር ቀላል ነበር። ዳኛው አያውቁኝም። እነዚህ ግን ሠርጌ ላይ የበሉ ናቸው። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። መኪናዋ የእኔ እንደነበረች፣ ፍሬኗ እንደሞተ እንደጻፍክልኝ፣ እንዳትቆም የከለከልኩህ እኔ እንደሆንኩ፣ አቃጥለው እንዳልኩህም ሳይቀር ነገርኳቸው። የመጨረሻውን አልጠየቁኝም ነበር፤ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ነው። አንድ ሽማግሌ አልሰማሁም ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት።

ስጨርስ ሊስሙኝ የተነሱትም ተመልሰው ተቀመጡ። ቧንቧው ሥር ያለው ባልዲ ሞልቶ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ የሚዘጋው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ወረፋው ራስ ላይ የነበረችው ሴት ባልዲዋን አነሳችና ጎተት አድርጋ፣ «ሲቲ፣ ነይ አንቺ ቅጂ» አለች። ሲቲ መጥታ ቀዳች።

ወይዘሮ ጠጅቱ ሽቅብ መውጣት ጀምራ ነበር። ተከትያት ልሂድ ወይስ ልመለስ ብዬ ጥቂት ቆምኩ፤ ከዚያ ብቻዬን ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።

ገብረየሱስ